ለሰብሌ ያልወረደው ሙሾ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላክባቸው ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ የሟቹ ንስሐ አባት ቤትና የባንችይርጋ ቤት። ቄሱ ነፍሱን ይሸኛሉ፤ ባንችይርጋ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ለለቀስተኛው ትናገራለች። ላሊበላ አልቃሽ አጥቶ አያውቅም፤ ጩኸትማ ማንም ይጮኻል። የእሷ ሙያ ሌላ ነበር። ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ጓዳ ትገባና ቤተሰቡን ትጠይቃለች፤ "የቤት ስሙ ማነው? ምን ይወድ ነበር? በምን ያስቃችሁ ነበር? በምንስ ያስከፋችሁ ነበር?" የቤት ስሙን ካልነገሯት ዓለም ቢገለበጥ አትጀምርም። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሹም ዘመዶች መኪና ልከው ወሰዷትና የቤት ስሙን ስትጠይቅ "ክቡርነትዎ ነበር የምንላቸው" ቢሏት በእግሯ ተመልሳ መጣች። "የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላልቅሰው?" አለችን።

ገበሬው ከፋለ የሞተ ጊዜ ሚስቱ በሬውን ከልጆቹ አስበልጦ ይወድ እንደ ነበር እያፈረች ነገረቻት። ባንችይርጋ ወደ ድንኳኑ ወጣችና እንዲህ አለች፤

ከበረት ቆመሃል ምነው አንተ በሬ፣
ከፋለ አይመጣም ደካክሞታል ዛሬ።

ሚስትየዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሰው ደግፎ እስኪይዛት ድረስ አለቀሰች። ከብልባላ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው "እኔስ መች እሞታለሁ" እያለ ሲመኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ አዳም እባላለሁ፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ። ባንችይርጋ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ነገር ግን "አንቱ ያልከኝ ዕለት ጎረቤትነታችን ያበቃል" ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። አጭር ናት፤ አፏ ግን ለማንም አይመለስም። የብልባላ ልጅ ናት፣ ሙሾን ከአክስቷ ነው የተማረችው። ላሊበላ የገባችው በትዳር ነው። ባሏ ቶሎ ሞተባትና የሆቴል አንሶላ እያጠበች ኖረች፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሆቴሉም ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ የሰው ጋቢና ነጠላ ታጥባለች። የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ኪዳን ሙሾን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ናቸው። በየቀብሩ "ደረት አትምቱ፣ ፊት አትንጩ፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው አትሁኑ" እያሉ ይገሥጻሉ። እሷ ደግሞ መስቀላቸውን ትሳለምና "አባ፣ እርስዎ በግዕዝ ያለቅሱለታል፣ እኔ በአማርኛ፤ ምን አጣላን?" ትላቸዋለች። አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲደብቁ ሰው ሁሉ ያያል።

አሁን ስለ ልጇ ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፣ አለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም።

ሰብሌ አንድ ልጇ ነበረች። የቤት ስሟ ጓዴ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ስለ ነበሩ እናቷ ናት ያወጣችላት። በአንድ መደብ ይተኛሉ፣ በአንድ ጋቢ ይከናነባሉ፣ ሲጣሉም ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሰብሌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከአዲስ አበባ የመጣ መንፈሳዊ ፊልም ታየ። ፊልሙ ጽንሷን ስላስወረደች ልጅ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሐኪሙ እየሳቀ ይቀበላታል፤ ነርሷ ስሟን ለከተማው ሁሉ ታወራለች፤ ጉባኤ ላይ ስሟ ይጠራል፤ አባቷ በር ይዘጋባታል፤ መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ብቻዋን ትሞትና ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ያልፏታል። ሰብሌ ይህን አይታ ቤት ገባችና ተከናንባ ታለቅስ ጀመር። እናቷ ምን ሆንሽ ብትላት "ፊልሙ አሳዘነኝ" አለች።

ባንችይርጋ ደስ አላት። ልጄ እግዜርን ፈሪ ሆነችልኝ ብላ ለአባ ወልደ ኪዳን ሳይቀር ነገረች። እኔንም በአጥር ላይ ጠርታ "የእኔ ልጅ እንዳንተ አይደለችም፣ ፊልም አይታ ታለቅሳለች" ብላ አሹፋብኛለች። ያን ቀን የነበራትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሰብሌ ፀንሳ ነበር። ከማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ምናልባት ሰውየው ቀብሯ ላይ ከለቀስተኛው መሀል ቆሞ ነበር። ሙጃ ከተማ ያለች አክስቷን ልጠይቅ ብላ ሄደች፤ እዚያ ከማን ምን እንደ ጠጣች አይታወቅም። ከተመለሰች በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። እናቷ የወር አበባ ሕመም መስሏት ዝንጅብል አፈላችላት። ሲብስባት ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላ ለመነቻት። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው ቁልቁል ቅርብ ነው፤ በር ላይ ቆመው ጣሪያው ይታያል። ሰብሌ እንቢ አለች። "እማ፣ ስሜን ይጠሩታል" አለች። ባንችይርጋ የሕመም ቅዠት መሰላት። ሌላ ምን ይምሰላት? ጎህ ሲቀድ ልጅቷ ከጎኗ በርዳ አገኘቻት።

የደሙን ብዛት ያየችው ያኔ ነው፤ የገባትም ያኔ ነው። በሩን ዘጋችና ማንንም ሳታስገባ ብቻዋን አጠበቻት፣ ብቻዋን ገነዘቻት። ከዚያ በሩን ከፍታ "ተስቦ ነው" አለች። እውነቱ ቢታወቅ ፍትሐት የሚከለክሏት መሰላት፤ ቢፈቱላትም አገር ሲያወራባት ይኖራል። ፍትሐቱ ተደረገ። ሬሳው ሲወጣ በየቀብሩ የሚያለቅሱት ሴቶች ሁሉ ዝም ብለው ባንችይርጋን ያዩ ጀመር። ለአገሩ ሁሉ ስታለቅስ የኖረች ሴት እያለች ማን ቀድሞ አፉን ይከፍታል? እሷ አንዴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሰብሌ አንድ ቤት ሙሾ እንኳ ሳይወርድላት ተቀበረች።

"የእኔ ሙሾ ውሸት አያውቅም" አለችኝ ኋላ። "አፌን ብከፍት የሆነው ሁሉ ይወጣ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቀበርኋት።"

ከተማውማ ምላሱን አሾለ። የባዕዱን ስታለቅስ ከርማ ለራሷ ልጅ ዕንባ ነጠፈባት፣ አንጀቷ ድንጋይ ነው ተባለ። ለአባ ወልደ ኪዳን ብቻ በንስሐ ነገረቻቸው። እሳቸው ቀኖና ሰጧት፣ የሰብሌንም የክርስትና ስም በጸሎታቸው ያዙ፤ ከአፋቸው ግን አንድ ቃል አልወጣም። ባንችይርጋ ከዚያ ወዲህ በማንም ለቅሶ ላይ ሙሾ አላወረደችም። ሲጠሯት ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ ኋላ ትቀመጣለች፣ ንፍሮ ቆርጥማ ትመለሳለች።

ዓመታት አለፉ። ጦርነት መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ ቱሪስት ጠፋ። እኔ አስጎብኚ ነበርሁ፤ የማስጎበኘው ሰው ሲጠፋ ፊልም ሠሪ ሆንሁ። ሳቁብኝ፤ ግድ የለም። ምሥጋናው የሚባል የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ መንፈሳዊ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ተነሣና ማይክ የሚይዝ ረጅም ሰው ፈለገ። ረጅም እኔ ነኝ። ማይኩን የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አስረን ያዝሁለት።

ምሥጋናው ክፉ ልጅ አይደለም። ጾሙን የሚጾም፣ ለታመመ ደም የሚሰጥ፣ የሚያምነውን ከልቡ የሚያምን ነው። ችግሩ ፊልም የተማረው ከፊልም ነው። ድርሰቱን ሲያነብልኝ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ መጨረሻውን አወቅሁት። ጽንሱን የምታስወርድ ሴት በእኛ መንፈሳዊ ፊልሞች አንድ መልክ ብቻ ነው ያላት፤ ሱሪ ትለብሳለች፣ ከንፈሯ ይቀላል፣ እናቷን ትሳደባለች። ሐኪሙ ዓይኑ ያስፈራል። ልክ የሐኪሙ አልጋ ላይ ስትተኛ መብረቅ ይጮኻል፣ በጋም ቢሆን። ከዚያ ታብዳለች ወይ ትሞታለች። ወንዱ ግን ካስረገዛት በኋላ የት እንደ ገባ ማንም ነግሮን አያውቅም። "ምሥጋናው፣ ልጁስ?" ስለው "የቱ ልጅ?" አለኝ። "ያስረገዛት።" ትንሽ አሰበና "እሱ ለታሪኩ አያስፈልግም" አለ።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ሙሾ አለ። ለዚያ ነው ባንችይርጋ ቤት ይዤው የሄድሁት። እንቢ እንደምትል እርግጠኛ ነበርሁ። በር ላይ ነጠላ እያሰጣች አገኘናት።

"እትየ ባንችይርጋ፣ እንደምን አደሩ? ለአገልግሎት ፈልገንዎት ነው" አላት ምሥጋናው።

"እግዜር ይመስገን። ምን ላጥብላችሁ?"

"እጥበት አይደለም። ሙሾ ነው።"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እትየ። ፊልም ነው።"

"ፊልሙ ላይስ ማነው የሞተው?"

"ሕፃኑ ነዋ። በማሕፀን ሳለ የተገደለው። ሕዝቡ አንጀቱ እንዲላወስ ብለን ነው።"

"የቤት ስሙ ማነው?"

ምሥጋናው ወደ እኔ ዞረ። "አልተወለደም እኮ" አለ።

"እናቱስ?"

"እሷም መጨረሻ ላይ ትሞታለች።"

"እሷን ማን ያለቅስላታል?"

ልጁ የድርሰቱን ወረቀት ገለጠ፣ እንደገና ገለጠ። "ማንም። ቅጣቷ ነው። ሰው ተምሮባት ይሂድ ብለን ነው።"

"ለሽፍታም ይለቀሳል እኮ ልጄ" አለችው ቀስ ብላ። "አባቴ ይሙት፣ ሰው ገድሎ ጫካ ለገባ ሽፍታ አልቅሻለሁ። ኃጢአት አይደለም አላልሁም፤ ኃጢአት ነው። ግን የሞተ ሰው ይለቀስለታል።" ከዚያ ነጠላውን ገመድ ላይ አስተካከለችና ያልጠበቅሁትን ተናገረች። "እመጣለሁ። የምለውን ግን እንዳትቆርጡብኝ።"

"ምን በወጣዎት!" አለ ምሥጋናው ደስ ብሎት።

ቀረጻው በምሥጋናው አጎት ግቢ ነበር። ሟቿን ሆና የምትጫወተው ዓይናዲስ የምትባል የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት፤ እውነተኛ መግነዝ አልለብስም ብላ ስለ ፈራች በአልጋ ልብስ ተጠቅልላ ቃሬዛ ላይ ተኛች። ባንችይርጋ ከበር ገባች፣ ቃሬዛውን አየች፣ ቆመች። ማይኩን ከራሷ በላይ ይዤ ነበርና ትንፋሿ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማኝ ነበር።  ምሥጋናው በእጁ ይጀምሩ እያለ ምልክት ሰጣት፤ አላየችውም። ከዚያ ጀመረች፤

ጓዴ የኔ ብቻ፣ የናቷ ጓደኛ፣
ሕመሟን ዋጠችው ከጎኔ ስትተኛ።

እናት ነኝ የምለው እንዴት ብዬ ተኛሁ፣
ከጎኔ ስትቃትት ምነው አልሰማሁ።

እኔ እንግዲህ ድምፅ ያዥ ነኝ፣ ዝም ማለት አለብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ቆምሁ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ሬሳ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይናዲስ በአልጋ ልብሱ ውስጥ እየተንሰቀሰቀች ነበር።

"ይቁም! ይቁም!" አለ ምሥጋናው። "እትየ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ለሕፃኑ ነበር እኮ የተባባልነው። ይሄ ለልጅቷ ሆነ።"

"ለሞተችው ነው ያለቀስሁት።"

"እሷን ሰው እንዲያዝንላት አንፈልግም።"

"እኔ አዘንሁ" አለች ባንችይርጋ። ነጠላዋን አጣፋችና ለመሄድ ተነሣች። ምሥጋናው ግራ ገብቶት ካሜራውን ይመለከት ነበር፤ ኋላ "እሺ፣ ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን" ብሎ አጉረመረመ። እሷ አልሰማችውም፣ እኔ ሰምቻለሁ። ኤዲቲንግ ማለት ምን እንደሆነ ግን ያኔ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር።

አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ነው ከላይ ያልኋችሁን ሁሉ የነገረችኝ። ዳገቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ።  የግድግዳ ጎረቤቷ ሆኜ አንድም ነገር አልጠረጠርሁም ነበር።

"አዳምየ" አለችኝ፣ "ፊልሙ ሲታይ ሕዝቡ አብሮኝ ያለቅሳል አይደል?"

"ያንቺን ሙሾ ሰምቶ ማን ሳያለቅስ ይቀራል?"

"ለማን እንደሆነ አያውቁም። አይወቁ። ጓዴ ማን እንደሆነች ይሰወርባቸው። ብቻ አንድ ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው ለልጄ ያልቅስላት። በቃኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልሙ መቼ ነው እያለች ታስጨንቀኝ ጀመር። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ትጠይቀኛለች፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ትጠይቀኛለች። ያቺ ዝም ብላ የኖረች ሴት መልሳ ቀልደኛ ሆነች፤ "እኔ እኮ አክተር ነኝ፣ ውኃ ቀዳልኝ" እያለች ታዘኝ ነበር። ደስታዋ ያስፈራኝ ነበር፤ ያስፈራኝ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ፊልሙ የታየው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ነው። የአዳራሹ መስኮቶች በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነው ነበር። ወንዶች በስተቀኝ፣ ሴቶች በስተግራ ተቀመጡ፤ ቄስ ወልደ ኪዳን ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ባንችይርጋ ጠበል ልትጠመቅ የምትሄድ ይመስል ነጭ ለብሳ መጣችና ከሴቶቹ ፊት ተቀመጠች። ከኋላዋ ዓይናዲስ ከእናቷ ጋር ነበረች። እኔ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ፊልሙ ሄደ። ሱሪው፣ ከንፈሩ፣ ሐኪሙ፣ መብረቁ። ሕዝቡ በየቦታው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አንዳንዷም "የእጇን ነው ያገኘችው" ትላለች። በመጨረሻ ቃሬዛው መጣ። የባንችይርጋ ፊት ሸራውን ሞላው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች በክርናቸው ጎሸም አደረጓት፤ እሷ ወደ ፊት አዘነበለች።

ሸራው ላይ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ ግን የእሷ አልነበረም። የበገና ዜማ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ የምሥጋናው ድምፅ፤ "እናት ታለቅሳለች። ነፍሰ ገዳይ ልጅ በመውለዷ ታለቅሳለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ዕንባ አይገባትም።"

ማይኩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከዚያ አፍ ምን እንደ ወጣ ከሰው ሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ወደ ምሥጋናው ዞርሁ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሸራውን በተመስጦ ያይ ነበር። ያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ጥሩ ነገር የሠራ መስሎታል። ከሴቶቹ መሀል አንዷ "እውነት ነው፣ አይገባትም" አለች።

ባንችይርጋ ተነሣች። ጥላዋ ሸራው ላይ ወደቀ። ከላይ ያለችው ባንችይርጋ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ከታች ያለችው ድምፁን ሰጠቻት፤

ጓዴ የኔ ብቻ፣ የናቷ ጓደኛ፣
ሕመሟን ዋጠችው ከጎኔ ስትተኛ።

አዳራሹ መጀመሪያ የፊልሙ ክፍል መስሎት ነበር። ከዚያ ገባው። ምሥጋናው ሮጦ ላፕቶፑን ዘጋው፤ ሸራው ባዶ ሆነ። እሷ ግን አላቆመችም። ወደ ሕዝቡ ዞራ የዚያን ሁሉ ጊዜ የነከሰችውን ለቀቀችው፤

ሰው ያየኛል ብላ ከሐኪም ደጅ ቀርታ፣
ሰው ሁሉ አያት ዛሬ በቃሬዛ ወጥታ።

"ሰብሌን ነው" አለ አንድ ሰው በጨለማው ውስጥ። "ሰብሌ እንዲህ ሆና ነው እንዴ?" ሹክሹክታው እንደ እሳት ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ጎትታ ወጣች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ከወንዶቹ በኩል "ምን ዓይነት ድፍረት ነው! በእግዚአብሔር ቤት አዳራሽ! አስወጧት!" የሚል ተነሣ። ሥርዓት አስከባሪ ወጣቶች ወደ እሷ ሄዱ፤ ሊነኳት ግን አፈሩና ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቄስ ወልደ ኪዳን አዞሩ። ሙሾን ሲገሥጹ የኖሩት እሳቸው ናቸዋ።

አባ ተነሡ። መቋሚያቸው መሬት ሲነካ ተሰማ።

"ተዉአት" አሉ። "ልጇን ትቅበር።"

 ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ባንችይርጋ የመጨረሻዋን አወረደች፤

ይፈርድባት እንደሁ ይፈርዳል ጌታዋ፣
እኔ ዳኛ አይደለሁ፣ እኔ ነኝ እናቷ።

በእኛ አገር አልቃሿ አንድ ቤት ስታወርድ ሴቶቹ "ዋይ!" ብለው ይቀበሏታል። ተቀባይ ያጣች አልቃሽ ከማበድ ሌላ ዕድል የላትም። አዳራሹ ዝም አለ። እሷም ቆማ ጠበቀች። እኔ ወንድ ነኝ፣ መቀበል ወጌ አይደለም፤ ቢሆንም አፌን ልከፍት ስል ከሴቶቹ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። "ዋይ፣ ጓዴ!" ዓይናዲስ ናት። እናቷ ነጠላዋን ጎተተች፣ "ተቀመጭ!" አለቻት። ልጅቷ አልተቀመጠችም። "ዋይ፣ ጓዴ!" አለች ደግማ፣ አሁን ከፍ አድርጋ። እናትየዋ ልጇን ቀና ብላ አየቻት፤ በዚያች ጨለማ ውስጥ ምን እንዳየች እንጃ። ከዚያ እሷም ተነሣችና ደረቷን መታች። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት። ቀጥሎ "አይገባትም" ያለችው ራሷ። ሁሉም አልተነሡም፤ ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፣ ከንፈሩን የነከሰም ነበር። የተነሡት ግን ዋይታቸው ጣሪያውን ነካ፤ ከመሀላቸው አንዳንዶቹ የሚያለቅሱት ለሰብሌ ብቻ እንዳልነበር ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም ነበር።

ምሥጋናው ላፕቶፑን አቅፎ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነበር። ልሰድበው አስቤ ነበር። ፊቱን ሳይ ተውሁት።

ስንወጣ ገና ፀሐይ ነበረች፤ ከጨለማው ወጥተን ዓይናችን ተጭበረበረ። ሰው በደጁ ላይ ቆሞ ያወራ ነበር፤ ስናልፍ ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰብሌ ያልተባለ የለም፤ ልብሳቸውን ከባንችይርጋ እጅ የወሰዱ ደንበኞችም አሉ። ያኔ ግን እሷ ማንንም አላየችም። ክንዷን ይዤ ዳገቱን እየወጣን ሳለ መንገዱ መሀል ተቀመጠች። በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ያን ያህል ዘመን ስትቆም እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እጇ ነጠላዋን ጨምድዶ ያዘ።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አልኋት።

"አዳምየ" አለችኝ፣ "አሁን ሞተችብኝ።"